የሐይቁን ሥር ያነበቡት ዊሳ ቂላዳ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከቅርብም ከሩቅም በጀልባና በመኪና ተሳፍራችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፤ መንደሩ ሁሉ ዓም ዊሳ፣ አጎቴ ዊሳ፣ እያለ ሲጠራቸው የኖሩት የዊሳ ቂላዳ ብሻይ የሕይወት ጉዞ፣ ቤተሰባቸው እንደሚያውቀው፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት፣ በወንድማቸው ልጅ በበልሳም ጋጣስ ተጽፎ እነሆ ይነበባል።

ዓም ዊሳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 በጥር ወር፣ በቡሩሉስ ሐይቅና በታላቁ ባሕር መካከል በተዘረጋው ቀጭን የአሸዋ ልሳን ላይ በነበረችው በኮም ሱበይሕ መንደር፣ ከአባታቸው ከቂላዳ ብሻይና ከእናታቸው ከሐኑና ሰምዓን ተወለዱ። አባታቸው ከላይኛው ግብፅ፣ ከአኽሚም፣ ኑሮ ፍለጋ ወደ ባሕሩ የወረዱ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ በአሸዋው ጉብታ ላይ በለስና ወይን ከሚያለሙ ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። በዚያ አሸዋ ውስጥ የሚጠጣው ውሃ እንደ ስስ ቂጣ በጨዋማው ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚገኝ፣ አንድ ክንድ አብዝቶ የቆፈረ ሰው ጉድጓዱን ለዘለዓለም ያበላሻል፤ ስለዚህም አባታቸው ከመሰርሰሪያው ጫፍ የወጣውን አሸዋ በልጃቸው ምላስ እያስነኩ፣ የት ላይ መቆም እንደሚገባ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ አስተማሯቸው።

ፊደልን የቆጠሩት በቅድስት ዲምያና ቤተ ክርስቲያን፣ ከዓይነ ስውሩ የዜማ መምህር ዘንድ ሲሆን፣ ከዚያም በየማለዳው በጀልባ እየተሻገሩ ባልጢም ከሚገኘው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ሆኖም የመሰርሰሪያው መቆሚያ እንጨት ወድቆ የአባታቸውን ወገብ በመስበሩ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ዊሳ ደብተራቸውን ለታናሽ ወንድማቸው ለጋጣስ ሰጥተው ሥራውን ተረከቡ። ጋጣስም ደብተሩን ብዙ አልተጠቀሙበትም፤ ዓሣ ማጥመድን መርጠው በአሥራ አራት ዓመታቸው መረብ ይጥሉ ጀመር። ይህንንም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠው የሚሰሙት ራሳቸው ጋጣስ ጻፊው ስላሉ ጽፈነዋል።

ዓም ዊሳ የወታደርነት ግዴታቸውን በበረሃ ለሠራዊቱ ጉድጓድ በመቆፈር ፈጽመው በተመለሱ በዓመቱ፣ በ1971፣ ዶክተር ሰውሰን ረጊብ የተባሉ የሥነ ምድር መምህርት ከእስክንድርያ መጥተው፣ ሐይቁን ከሥሩ ለመመርመር መሰርሰሪያ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ እርሳቸውን አገኙ። በሁለት ጀልባ ላይ በተጋደመ ጣውላ ቆመው የብረት ቱቦውን እየደበደቡ ወደ ታች ሲሰዱና መልሰው ሲያወጡ፣ የሐይቁ ወለል በቱቦው ውስጥ ተደራርቦ ይወጣ ነበር፤ ከላይ ከነትንንሽ ዛጎሉ ለስላሳ ጥቁር ጭቃ፣ አሥራ አንድ ሜትር ላይ የሸምበቆ ሥርና ቅጠል የበሰበሰበት ቡናማ ንጣፍ፣ ከእርሱም በታች ጠንካራ ቢጫ መሬት። ዓም ዊሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላይ የተሻገሩትን ሐይቅ ከሥሩ ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበርና፣ ሸምበቆ ከውሃ በታች አሥራ አንድ ሜትር ምን እንደሚሠራ ጠየቁ።

ዶክተር ሰውሰን እንዳስረዷቸው፣ ከሃያ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሰሜኑ አገር በበረዶ ክምር ተሸፍኖ ሳለ፣ ብዙው የባሕር ውሃ በዚያ በረዶ ውስጥ ታስሮ ስለነበር፣ ባሕሩ ዛሬ ካለበት ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ዳርቻውም ከኮም ሱበይሕ በስተሰሜን የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነበር፤ አጥማጆቻችን ዛሬ መረብ የሚጥሉበት ሁሉ ያን ጊዜ በእግር የሚኬድበት ሜዳ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ በሺህ ዓመታት ውስጥ ሜዳውን እየዋጠ ወጣ፤ ወደዚህ ሲቃረብ ረግረግና ሸምበቆ ከፊቱ በቀለ፤ ከሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ግን አካሄዱ ስለዘገየ፣ ዓባይ የሚያመጣውን አሸዋ ሞገዱ በዳርቻው እየከመረ ልሳኑን ሠራው፤ ከልሳኑ በስተጀርባ ታግዶ የቀረው ውሃም ሐይቅ ሆነ። ዓም ዊሳ ይህን ሁሉ ቆመው ካዳመጡ በኋላ፣ «ታዲያ ሐይቁም እንደ አባቴ መጤ ነዋ» አሉ። ዶክተሯ ይህን ቃል በማስታወሻቸው ጽፈው እንደነበር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ለቤተሰቡ አሳይተዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ሰባት ዓመታት፣ በመጀመሪያ በቀን ሠራተኛነት፣ በኋላም በቋሚ የቁፋሮ ሹምነት ሐይቁን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሰርስረዋል። የጭቃውን ዕድሜ የሚወስኑት ምሁራኑ ቢሆኑም፣ ቱቦው ገና ሳይከፈት በእጃቸው በሚሰማቸው ንዝረት ብቻ ጭቃ ይሁን አሸዋ ይናገሩ ነበር፤ ጥርጥር ሲገባቸውም እንደ ልማዳቸው ይቀምሱት ነበርና የመንደሩ ልጆች «ጭቃ ላሹ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በ1973 በመንደሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩትን ኢስቲር ሐቢብን በቅድስት ዲምያና ቤተ ክርስቲያን በተክሊል አገቡ። ከጋብቻው በፊትም የጭቃ ናሙና ሣጥኖቹን ቁጥር የሚጽፉላቸው ኢስቲር ነበሩ፤ የዓም ዊሳ ጽሕፈት ለማንም የማይነበብ በመሆኑ፣ ሥራው ትዳሩን አመጣ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኢስቲር ዝም የማይሉ፣ ስሌት የማይሳሳቱ፣ ከጭቃ የመጣ ባል አፉን ሳይጉመጠመጥ ገበታ እንዲቀርብ የማይፈቅዱ ሴት ነበሩ። በ1975 ናርጊስን፣ በ1978 ሚላድን ወለዱ።

በአስዋን ታላቁ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ዓባይ ደለሉን ይዞ መምጣቱን ስለተወ፣ ባሕሩ የሚሰጠው ቢያጣ ያለውን ይበላ ጀመር። በየክረምቱም፣ ማዕበል በሚነሣበት በታኅሣሥና በጥር፣ የኮም ሱበይሕን መንገዶች አንድ በአንድ እየወሰደ፣ በ1984 ዳቦ ቤቱን፣ በ1985 የቤተ ክርስቲያኑን የሰሜን ግንብ ጣለ። ስለዚህ አርባ ሁለቱ ቤተሰብ ወዴት እንደሚዛወር ለመምከር ሲሰበሰብ፣ በዚያው ልሳን ላይ ሁለት ቦታዎች ታሰቡ፤ አንዱ በምሥራቅ ያለው፣ ከሩቅ የሚታየው ከፍተኛው የአሸዋ ክምር፤ ሁለተኛው በምዕራብ ያለው፣ በግ እንኳ በክረምት የማይውልበት ዝቅተኛ ሜዳ። ዓም ዊሳ ከዶክተር ሰውሰን መሰርሰሪያ ተውሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ በሁለቱም ቦታ ስድስት ጉድጓድ ሰረሰሩ። በከፍተኛው ክምር ሥር እስከ ዘጠኝ ሜትር ድረስ የተሰባበረ የባሕር ዛጎልና ልቅ አሸዋ እንጂ ጭቃ አልነበረም፤ ይህም ባሕሩ በአንድ ዘመን በዚያ በር ከፍቶ ወደ ሐይቁ ይገባ እንደነበር፣ አሸዋውም በሩን የደፈነው በቅርቡ መሆኑን ያመለክታል። በዝቅተኛው ሜዳ ሥር ግን ጥቁሩ ጭቃ ሳይቆረጥ እስከ ሸምበቆው ድረስ ወረደ፤ ባሕሩ በሺህ ዓመታት ውስጥ አንድም ጊዜ በዚያ አላለፈም ማለት ነው። ስለዚህም በጉባኤው ፊት ቆመው፣ ወደ ዝቅተኛው እንውረድ አሉ።

ጉባኤው ሳቀ። ከሁሉ ይልቅ የተቆጡት ወንድማቸው ጋጣስ ነበሩ፤ በክምሩ ላይ የቤታቸውን መሠረት አስቀድመው አስጥለው ነበርና። «በዓይኔ የማየውን ከፍታ ትቼ፣ አንተ በምላስህ የላስከውን ጭቃ ልመን? ወርዶ የዳነ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?» አሏቸው። ዓም ዊሳም፣ «ከፍታው የትናንት ነው፣ ጋጣስ። ሥሩ ባዶ ነው» ብለው ተቀመጡ፤ ከዚህ በላይ ለማስረዳት የሚሆን አንደበት እንዳልነበራቸው በኋላ ይቆጫቸው ነበር። ሠላሳ አንዱ ቤተሰብ በዓም ዊሳ ቃል ወደ ሜዳው ወረደ፤ አሥራ አንዱ ከጋጣስ ጋር ወደ ክምሩ ወጣ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያን ጊዜ አንስቶ ለስድስት ዓመታት አልተነጋገሩም። በትንሣኤ ማግሥት ቀለም የተቀባውን እንቁላልና የጨው ዓሣውን በልጆች እጅ ይላላኩ ነበር እንጂ፣ አንዱ የሌላውን ደጃፍ አልረገጠም።

በ1992 የጥር ወር የመጣው ማዕበል በሰኞ ጠዋት ጀምሮ የክምሩን የባሕር ወገን እንደ ዳቦ ይቆርሰው ጀመር። ዓም ዊሳ በሐይቁ በኩል ጀልባ ቀዝፈው በወንድማቸው በር ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ስለ ጭቃም ስለ አሸዋም አንዳች አላነሡም። «ልጆቹን ስጠኝ» አሏቸው፤ «አንተ ከፈለግህ ቆይ።» ጋጣስ አራቱን ልጆች አንድ በአንድ አንሥተው ሰጧቸው። በዚያ ጀልባ ከተጫኑት ልጆች አንዷ ይህን ጽፋ የምታነብላችሁ በልሳም ናት። ከሰዓት በኋላም ጋጣስ ሚስታቸውን አስቀድመው፣ የቤታቸውን በር ከነማጠፊያው ነቅለው በጀርባቸው ተሸክመው መጡ። ማክሰኞ ባሕሩ ክምሩን ከሁለት ከፍሎ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ሰባት ቤቶች ከነመሠረታቸው ጠፉ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ቤተሰብ በዓም ዊሳ ቤት ሁለት ዓመት አብሮ ኖረ። በመጀመሪያው ቀን ጋጣስ ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን በእጃቸው ዳስሰው፣ «መሬትህ እርጥብ ነው» አሉ። ወንድማቸውም፣ «እርጥብ ነው፤ ግን አለ» አሏቸው። ዕርቁ ይኸው ነበር፤ ሽማግሌም አልገባበትም።

የዓም ዊሳን ዜና ሕይወት የምንጽፍ እኛ፣ የተሳሳቱበትንም እንድንጽፍ እርሳቸው ራሳቸው አዘውናል። ሕዝቡን ወደ ሜዳው ሲያወርዱ የሐይቁ ውሃ ደጃፍ አያልፍም ብለው ቃል ሰጥተው ነበር፤ ነገር ግን ለስላሳው ጭቃ የቤቶቹን ክብደት መሸከም አቅቶት በዓመት በዓመት ሰመጠ፣ ሐይቁም ከየእርሻው ቦይ በሚወርድበት ውሃ ሞላ፤ ስለዚህ በየክረምቱ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ቤት ውስጥ ይገባ፣ የግድግዳውም ጨው አንድ ክንድ ከፍ ይል ጀመር። ኢስቲር በ1997 ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ ወደ ደረቅ አገር እንዲወሰዱ ቢያዝም፣ ዓም ዊሳም ጓዛቸውን ሊያስሩ ቢነሡ፣ ኢስቲር እንቢ አሉ። «አቡ ሚላድ፣ የልጄ አባት፣ ሰው ባንተ ቃል ነው እዚህ ቤት የሠራው» አሏቸው፤ «እኛ ቀድመን ወጥተን እነሱን ውሃ ላይ ልንተዋቸው ነው?» አራት ዓመት ታመው፣ በ2001 በየካቲት ወር ዐርፈው፣ በሜዳው መቃብር ተቀበሩ።

በዚያ ሐዘን ላይ ዓም ዊሳ፣ «ባሕሩን ከፊት ስጠብቅ ሐይቁ በጓዳ ገባብኝ። ቆጥራ ነግራኝ ነበር» አሉ። ኢስቲር በየዓመቱ የጨውን ከፍታ በግድግዳው ላይ በእርሳስ እያሰመሩ ከጎኑ ቀኑን ይጽፉ እንደነበር ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ዓም ዊሳ ሁለት ዓመት መሰርሰሪያ አልነኩም፤ ብረቱ ከበለሷ ሥር ዛገ። ያን ጊዜ አርጅተው የነበሩት ዶክተር ሰውሰን ከእስክንድርያ መጥተው ሦስት ቀን አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ስለ ሥራ አንድም ቃል ሳያነሡ ተመለሱ። ዓም ዊሳም በሳምንቱ ብረቱን በዘይት ወልውለው ወደ ሐይቁ ወጡ፤ በ2008 ጡረታ እስኪወጡም ለብዙ ወጣት ተማሪዎች ቱቦ መያዝን አስተማሩ። ከተማሪዎቹ ማንም ጭቃ እንዲቀምስ አላስገደዱም፤ ያልቀመሰውን ግን በጎን ያዩት ነበር።

በ2019 የመንደሩ ጉድጓዶች ሁሉ ጨው ሆኑ። ባሕሩ እንደ ጥንቱ ዳግመኛ መውጣት መጀመሩን ምሁራኑ ይናገሩ ነበር፤ ዓም ዊሳ ግን ያወቁት ከውሃው ጣዕም ነው። መንግሥት ከሐይቁ በስተደቡብ፣ ከፍ ባለው ምድር ላይ ለቤትና ለመቃብር የሚሆን ቦታ ሲሰጥ ሕዝቡ አመነታ። ዓም ዊሳም የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት ሆነው እንደገና በጉባኤ ፊት ቆሙ። «እዚህ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ፤ «ውጡ የምላችሁም እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ያልኳችሁ ለሠላሳ ዓመት ሆነ፤ ከዚህ በኋላ አይሆንም።» በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም፤ የተነሣም አልነበረም። ባላቸውንና አንድ ልጃቸውን ዘካሪን በሜዳው የቀበሩት እሜቴ ኡም ዘካሪ ግን ከሴቶቹ ረድፍ ሆነው፣ «እኛስ እንሂድ። ዘካሪን ለማን ትቼ ልሂድ? ውሃ ይብላው?» አሏቸው። ዓም ዊሳ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ልጃቸውን ሚላድን ይዘው፣ በእጅ የሚዞረውን የአባታቸውን መሰርሰሪያ በጀልባ ጭነው ሐይቁን ተሻገሩ። ለመቃብር በተሰጠው መሬት መካከል ቆመው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እያረፉ፣ ቀኑን ሙሉ ሰረሰሩ። በሁለት ክንድ ጥልቀት ላይ ጠንካራው ቢጫ መሬት ወጣ፤ በአሸዋው ልሳን ላይ ከጭቃና ከሸምበቆ በታች ተቀብሮ የሚገኘው፣ በዚህ ግን ባሕሩ በዚያ ሁሉ ሺህ ዓመት አወጣጡ ያልደረሰበት ያው የጥንቱ ምድር ነበር። ጥቂት አንሥተው በመዳፋቸው አሹት፤ ቀመሱትም። ሚላድ እንደነገሩን፣ ከዚያ ጭብጡን ሳይጥሉ፣ «ጨው የለውም። ደረቅ ነው። ለኢስቲር ይሆናል» አሉ።

በጳጳሱ ፈቃድ፣ በመንደሩ ካህን በአቡና ሩፋኢልም ጸሎት፣ በዚያው ዓመት መስከረም የኢስቲር መቃብር ተከፈተ። ሚላድ በሠሩት አዲስ የሾላ ሣጥን ዐፅማቸው ተሰብስቦ፣ ዓም ዊሳ ሣጥኑን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ጋጣስ እየቀዘፉ ሐይቁን ተሻገሩ። ጀልባዋ ስትመለስ ኡም ዘካሪ የታጠበ ነጭ አንሶላ በክንዳቸው ይዘው በዳርቻው ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ የጠየቁት ተራ እንዲያዝላቸው ብቻ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ሃያ ስድስት ቤተሰብ ከአርባ ሦስት ሙታኑ ጋር ተሻገረ፤ የቀሩትም በተከታዩ ዓመት መጡ።

ዓም ዊሳ በአዲሱ መንደር አራት ዓመት ኖሩ። ቤታቸው ደረቅ ነበር፤ ይህንንም ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸው ደክሞ፣ በካፍር አሽ-ሼይኽ ከተማ ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቅዱስ ቁርባን ከተቀበሉ በኋላ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬም ራሳቸው በሰረሰሩት መሬት፣ ከባለቤታቸው ከኢስቲር ጎን ያርፋሉ።

ዓም ዊሳ ታናሽ ወንድማቸውን ጋጣስን፣ የእናቷን ሙያ የያዘችውን ልጃቸውን ናርጊስንና ባለቤቷን፣ ጀልባ ሠሪውን ልጃቸውን ሚላድንና ባለቤቱን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አራት የወንድም ልጆችን፣ ከኮም ሱበይሕ ተሻግሮ በዚህ የሰፈረውን ሕዝብ ሁሉ በሐዘን ትተው ሄደዋል።

ለባሕር ወሰን የሚሰጥና ወሰኑንም የሚያንቀሳቅስ አምላክ፣ የአገልጋዩን የዊሳን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን፣ ውሃ በማይደርስበት ምድር ያሳርፍልን። ለጋጣስ፣ ለናርጊስና ለሚላድ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።